እኔ እንኳ ሹፌር አይደለሁም

በአዲስ አበባ በስልክ ታክሲ ጠርቶ፣ የመኪናውን በር ገና ሳይዘጋ «እኔ እንኳ ሹፌር አይደለሁም» ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የለም። በዚህ ከተማ መሪ ጨብጦ የሚዞር ሁሉ ሌላ ነገር ነው። አንዱ መሐንዲስ ነው። አንዱ የባንክ ባለሙያ ነው። አንዱ ዶክትሬቱን ሊጨርስ ጥቂት የቀረው ነው፤ ጥቂት ከቀረው ደግሞ ስድስት ዓመቱ ነው። ሹፌር የሚባል ፍጡር ከከተማችን ጠፍቷል። መኪኖቹ ግን፣ የፈጣሪ ሥራ ሆኖ፣ ይሄዳሉ።

ከእነዚህ ሹፌር ያልሆኑ ሹፌሮች መካከል ሜዳልያ የሚሰጥ ቢኖር፣ ወርቁ የመሪ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ለሆነው ለዘረሰናይ ነበር። ክቡር አቶ ዘረሰናይ፣ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ቡድን መሪ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ የብሎካቸው የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጨጓራ በሽተኛ። ይህን ሁሉ ተመራምሬ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። መኪናው ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ከመሪ መገናኛ እስኪደርስ ሳይጠይቅ ይነገረዋል።

ሥራውን የጀመረው በባለቤቱ ውሳኔ ነው። ማዕዶት መምህርት ናት፤ ነገር ማንዛዛት አትወድም። አንድ እሑድ ጠዋት ልጆቹ ካርቱን ላይ እንዳፈጠጡ አጠገቡ ቁጭ አለችና፣

«ዘሬ፣ የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ ወሩን አልደርስ ብሏል። መኪናዋ ደግሞ ታች ቆማ አቧራ ትጠጣለች። ሰው ሁሉ ሲሠራባት አንተን ምን ይዞህ ነው?» አለችው።

«እኔን? የቡድን መሪውን?»

«ቡድኑን በሥራ ቀን ምራው። ቅዳሜና እሑድ መኪናዋን ንዳ» አለችና ወደ ልብስ እጥበቷ ተመለሰች። ስብሰባው በዚሁ አበቃ።

ዘረሰናይን ያስጨነቀው መንዳቱ ራሱ አልነበረም። መኪና መንዳት ይወዳል። ያስጨነቀው አቶ በርናባስ ናቸው።

አቶ በርናባስ የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሳቸው በመንግሥት ሥራ ላይ እያለ ለማንም ታይቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። በሐምሌ ወር ሠራተኛውን ሰብስበው «የመንግሥት ሠራተኛ ክብር አለው» ብለው ጀመሩና፣ «ከሥራ ሰዓት ውጪ ድለላ ሲሯሯጥ፣ ሸቀጥ ሲያዞር፣ ታክሲ ሲነዳ ያገኘሁት ኃላፊ ካለ፣ በማግስቱ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። በርናባስ ምን አለ በሉ» ብለው ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መቱት። ከአዳራሹ ሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው ዘረሰናይ ነበር። ያኔ ገና አልጀመረም ነበራ።

ያቺ የቡድን መሪነት ለዘረሰናይ ቀላል ነገር አልነበረችም። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቆ ያገኛት ናት። አባቱ ለሠፈር ሰው የሚያወሩት ስለ እሷ ነው። የቤት ወጪውም የሚጠጋጋው በእሷ ነው። ከተነጠቀ ቤቱም ይናጋል፣ አንገቱንም ደፍቶ ይቀራል። ታዲያ ይህ ሰው ታክሲ መንዳትን እንዴት ይጀምረው? እንደ ሌባ ጀመረው።

ቅዳሜ ጠዋት ጥቁር ሱፉን ይለብሳል። ጥቁር ክራቫት ያስራል። ጥቁር መነጽር ያደርጋል። መሪው ፊት ለፊት፣ መስታወቱ ሥር፣ ማንም አልፎ ሂያጅ እንዲያየው አድርጎ ወፍራም ፋይል ያስቀምጣል። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኘው «ቅዳሜም ሥራ አለ?» ይለዋል። «አስቸኳይ ስብሰባ» ይላል ዘረሰናይ። እሑድም አስቸኳይ ስብሰባ ነው። ብሎኩ በሙሉ አዘነለት። ምን ያለ መሥሪያ ቤት ነው ሰውን እንዲህ የሚያንገላታ፣ ምናለ ቤተሰቡን ቢያይበት እየተባለ በየፎቁ ተወራ።

የመጀመሪያዋ ተሳፋሪው ነፃነት የምትባል ወጣት ነበረች። ስልኩ ጪር፣ ጪር፣ ጪር አለ፤ የታክሲው ጥሪ ድምፅ እንደ ረሃብ የያዘው ጫጩት ነው፤ አንዴ የሰማው ሰው በሕልሙም አይስተውም። ዘረሰናይ ደንግጦ ሊያጠፋው ሲል ተሳስቶ ተቀበለው። ልጅቱ ሲኤምሲ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

ከኋላ! ዘረሰናይ ልቡ ተሰበረ።

«ከፊት ክፍት ነው እኮ እህቴ።»

«ይመቸኛል፣ ሹፌር።»

ይኸው። ቃሏ ተወረወረች። ዘረሰናይ መነጽሩን አወለቀ፤ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተመለከታትና «እኔ እንኳ ሹፌር አይደለሁም» አለ። ከዚያ ወዲያ የልጅቱን ነገር ተዉት። መገናኛ እስኪደርሱ ድረስ የትምህርት ደረጃውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ፣ የትልቁን ልጁን የሒሳብ ውጤትና ለጨጓራ የሚስማማውን ምግብ አወቀች። ይግረማችሁና ማዳመጫዋን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ነበር። ስትወርድ አምስት ኮከብ ሰጠችው፤ ከሥሩም «በጣም ጥሩ ሰው ናቸው፣ ለቡድናቸው ሰላም በሉልኝ» ብላ ጻፈችለት።

ወሬ ብቻ ቢሆን ግን መልካም ነበር። የዘረሰናይ ዋናው በሽታ ይሉኝታ ነው። ይህ ሰው መጀመሪያ ከይሉኝታ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው ሥጋ የለበሰው። ሌላው ሹፌር ያደርሳል፣ ያወርዳል፣ ይሄዳል። ለዘረሰናይ ተሳፋሪ ማለት ቤቱ የመጣ እንግዳ ነው። የወረደው ሰው በር አንኳኩቶ እስኪከፈትለት ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። የከፈተውንም ሰው ከመኪናው ወርዶ ሰላም ይላል። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ለወጉ ያህል «ግባ እንጂ» ማለቱ አይቀርም። ዘረሰናይ አንዴ ይግደረደራል፤ ሁለቴ ይግደረደራል፤ ሦስተኛ ከተለመነ ግን ሰው ማስቀየም ይሆንበታል። በዚህ ዓይነት አንድ ቅዳሜ ብቻ ሁለት ቤት ምሳ በላ። በሁለተኛው ቤት ጉርሻውን እየዋጠ ሳለ ስልኩ መኪናው ውስጥ ሲጮህ ዋለ።

አንድ ቀን ደግሞ ባልና ሚስት ጫነ። ከመሪ ወደ ላምበረት መናኸሪያ ነው ጉዞው፤ ሴትየዋ ሻንጣ ይዛለች፤ ወደ እናቷ አገር መሄዷ ነው። ባልየው አጠገቧ ተቀምጦ ይለምናል፣ እሷ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ሌላ ሹፌር ቢሆን የራዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርግ ነበር። ዘረሰናይ ዳር ይዞ ፍሬን ያዘ።

«ይቅርታ፣ እኔን እንኳ አያገባኝም» አለ፤ ይህ ደግሞ ሁለተኛው አባባሉ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚገባበትን ነገር እግዜር ያሳያችሁ። «አያገባኝም፤ ግን የጥፋቱን መነሻ ከሥር ከመሠረቱ ብትነግሩኝ።»

ነገሩት። ጥፋቱ የባልየው ነበር። ዘረሰናይ ገሠጸው፤ እሷን ለመነ፤ መኪናው ውስጥ ትከሻ ለትከሻ አስተቃቅፎ አስታረቃቸው። ከዚያም መሪውን አዙሮ ከነሻንጣዋ ወደ ቤታቸው መለሳቸው። ሒሳብ ሲሉት እንደ መሰደብ ቆጠረው። ሽማግሌ የሚከፈለው በየት አገር ነው?

ሌላ ጊዜ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ቀድተው የሚመለሱ አንዲት እናት ጠሩት። የጠበል ጀሪካናቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጀምሮ ተሸክሞ አወረደ፤ ቤታቸውም ደረጃውን ተሸክሞ አስገባ። እናት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ከልጅ ልጆቹ ጀምረው ወደ ኋላ እየመጡ መረቁት። ዘረሰናይ መሬት ላይ ተንበርክኮ አሜን አለ። አሜን ካሉ በኋላ ደግሞ «ሒሳብ» ማለት የሚቻልበትን መንገድ የሚያውቅ ካለ ይንገረው።

ያን ቀን ማታ ማዕዶት ነገሩን ሰምታ ራሷን ይዛ፣ «ዘሬ፣ ልጠይቅህ፤ ታክሲ ነው የጀመርከው ወይስ ዕድር?» አለችው።

ደግነቱ ተሳፋሪ ሁሉ እናት አይደለም። ቀስ በቀስ እየለመደ መጣ፤ የቤቱ ወጪም መተንፈስ ጀመረ፤ ማዕዶት ለልጆቹ ጫማ ስትገዛ እንደ ድሮው ከሱቅ ሱቅ ዞራ አልተከራከረችም። ከዚህ በላይ ግን ሌላ ነገር መጣ፣ ዘረሰናይ ለራሱም ደፍሮ ያልነገረው። ቅዳሜ ይናፍቀው ጀመር። ቢሮ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ያሻግራል። እዚህ ሰው ከቦታ ወደ ቦታ ያሻግራል፤ ሰውየውም ሲወርድ አመሰግናለሁ ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ወረቀት አመስግኖት አያውቅም።

ሥራውን በወደደው ቁጥር ታዲያ ፍርሃቱ ባሰበት። አንድ ቅዳሜ መገናኛ መብራት ይዞት ቆሞ ወደ ጎን ሲያይ፣ ከአጠገቡ በቆመች ግራጫ መኪና ውስጥ አቶ በርናባስ ተቀምጠዋል። ራሳቸው ይነዳሉ። ዘረሰናይ ከነክራቫቱ መሪው ሥር ገባ። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ «ምን ጠፋብህ ወንድሜ?» አለው። «ሳንቲም» አለ ዘረሰናይ ከታች። አረንጓዴ በራ፤ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባ ነፋ፤ እሱ ሳንቲም ይፈልጋል። ቀና ሲል አቶ በርናባስ አልፈው ሄደዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። አይተውኛል? አላዩኝም? ሰኞ ቢሮ ሲያገኛቸው እንደ ወትሮው ሳይስቁ ሰላም አሉት። እሳቸው ሁልጊዜም ስለማይስቁ ከፊታቸው የሚገኝ መረጃ የለም።

እንዲህ እየተሸማቀቀ ሳለ ነው ያቺ የጥቅምት ቅዳሜ የመጣችው።

ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ቆሞ ሳለ ጥሪ መጣ። የጠራችው ሥርጉት የምትባል ሴት ነበረች። ከደብረ ብርሃን የተነሣው የማለዳ አውቶቡስ ያወረዳት እዚያው ነው። ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተከናንባለች። ከፊት ገብታ ተቀመጠችና፣

«እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር ነው ወንድሜ፤ አጎቴ አርፈውብኝ ነው። ቀስ ብለህ ንዳልኝ፤ ሳልረጋጋ እንዳልደርስ» አለችው።

ዘረሰናይ አፉ ላይ የደረሰውን የቡድን መሪነት መልሶ ዋጠው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ዕድሜያቸው ስንት ነበር?»

«ዘጠናን ዘለውታል። ዕድሜ የጠገቡ ሰው ናቸው። ቢሆንም ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ አባቴን አላውቀውም።»

ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም። በፈረንሳይ ሠፈር በኩል ወጡ፤ ባሕር ዛፉ ተጀመረ፤ አየሩ ቀዘቀዘ። ዳገቱ መሀል ላይ መንገዱን ግማሽ የያዘ ድንኳን ታየ፤ ከዳር ወዲህና ወዲያ መኪኖች ቆመዋል። ሥርጉት ድንኳኑን ስታይ እግሯ መሬት ሳይነካ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ስትወርድ በሩን ተደግፋ ቀረች። ዘረሰናይ ስልኩን መኪናው ውስጥ ጥሎ ሮጠና ብብቷን ይዞ ደገፋት፤ እንደ ደገፋት ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ተነሣ። ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ።

አሁን ፍረዱ። የምታለቅስ ሴት ደግፎ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው፣ «በሉ ደህና ዋሉ፣ ሌላ ጥሪ አለብኝ» ብሎ የሚወጣበት አፍ ከወዴት ይመጣል? እንዲህ ያለ አበሻ ገና አልተወለደም። ከተወለደም ዘረሰናይ አይደለም። በዚያ ላይ አለባበሱን አስቡት። ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ክራቫት፣ ጥቁር መነጽር። የሟች የበኩር ልጅ እንኳ እንደሱ አልለበሰም። ሥርጉትን ሴቶች ተቀበሏት፤ እሱን ሁለት ጎልማሶች ግራና ቀኝ ይዘው «በቃ፣ በቃ ወንድም ዓለም፣ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው» እያሉ ከቅርብ ዘመዶች መሀል አስቀመጡት። እፍኝ ንፍሮ እጁ ላይ አደረጉለት። ዘረሰናይም የሥርጉት «አባቴን አላውቀውም» ትዝ አለውና፣ የራሱ አባት ፊቱ ላይ መጣበትና፣ እውነተኛ እንባ አለቀሰ። አላፍርበትም ብሏል በኋላ።

እንባውን ጠርጎ ቀና ሲል ከድንኳኑ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ፣ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ንፍሮ ይዘው ተቀምጠዋል።

አቶ በርናባስ።

ክው አለ። ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። መኪናው ደግሞ ደጅ ናት፣ ከሠፈሩ ሲርቅ ብቻ የሚለጥፈው የታክሲው ምልክት መስታወቷ ላይ ሆኖባት ለአላፊ አግዳሚ ትታያለች። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቃት ወንበር ከሥሩ ስትንሸራተት ተሰማው። አቶ በርናባስም አይተውታል። ትንሽ አፈጠጡበት፤ ከዚያ ተነሡ፤ ቀስ ብለው በሰው መሀል አቋርጠው መጡ። ዘረሰናይ ብድግ አለ። ጭንቅላቱ ላይ ጣሪያ እስኪወርድ ይጠብቃል።

አቶ በርናባስ አቀፉት።

«ዘረሰናይ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉት፣ ትከሻውን እየመቱ። «ይሄን ያህል ቅርብ መሆናቸውን አላወቅንም።»

ዘረሰናይ ነገሩ ገባው፤ ማለትም ተሳስቶ ገባው። ለካ ሟች የአቶ በርናባስ ዘመድ ኖረዋል! «እርስዎንም ያጽናዎት አቶ በርናባስ» አለ።

«እኔን? እ… አሜን» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለቱም ሟች ምንህ ናቸው፣ ምንዎ ናቸው ብለው መጠየቅ አማራቸው፤ ለቅሶ ላይ ምን ተብሎ ይጠየቃል? ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

በመጨረሻ አቶ በርናባስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ግን ይሄ ነውር ነው። የቡድን መሪያችን ለቅሶ ተቀምጦ መሥሪያ ቤቱ አይሰማም? ምን ይሉናል?» አሉና ከኪሳቸው ስልክ አወጡ። «ለአስተዳደር ልደውል። ሰርቪሱ ሠራተኛውን ይዞ ለቀብሩ ይድረስ። መዋጮውንም አሁኑኑ ይሰብስቡ።»

ዘረሰናይን ላብ አሰመጠው። ሰርቪሱ በዚያ ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ታየው። ቡድኑ በሙሉ፣ ታይፒስቷ፣ ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ፣ ቅዳሜያቸውን ትተው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው፣ እሱን አቅፈው ሲያለቅሱ ታየው። ለማን? ስማቸው ገብረማርያም መሆኑን ራሱ ከአልቃሾች ነው የሰማው። ዝም ቢል ወንበሩ ይተርፋል። ዝም ማለት ግን ያን ሁሉ ሰው ማታለል ነው፤ ይህን ደግሞ ይሉኝታው አይሸከምለትም። ወንበሩ ቢቀርበት ይሻላል።

«አቶ በርናባስ፣ አይደውሉ» አለ።

«ለምን?»

«ሰውየውን አላውቃቸውም።»

«አላውቃቸውም ማለት?»

«ሰው ላደርስ ነው የመጣሁት። ያቺን ጥቁር የለበሰችውን ሴት። ታክሲ እነዳለሁ። ቅዳሜ እነዳለሁ፣ እሑድም እነዳለሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ያሉትን ሰምቻለሁ፤ አጨብጭቤያለሁም። ሰኞ ቦታዬን እለቃለሁ። ሠራተኛውን ብቻ አያስመጡብኝ።»

ተናግሮ ሲጨርስ፣ ገርሞት፣ አየር ወደ ሳንባው ገባ። ከወራት በኋላ መጀመሪያ ጊዜ የተነፈሰ መሰለው። አቶ በርናባስ አፋቸውን ከፈቱ። ቃል ከመውጣቱ በፊት ግን እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ጪር፣ ጪር፣ ጪር አለ።

የዘረሰናይ እጅ ሳያዘው ወደ ኪሱ ሄደ። ኪሱ ባዶ ነው፤ ስልኩ መኪናው ውስጥ ነው። ጫጩቱ የሚጮኸው ከዳይሬክተሩ መዳፍ ነው። አቶ በርናባስ ሊያጠፉት ተጣደፉ፤ በድንጋጤ የማይነካውን ነኩና፣ የስልኩ ሴትዮ በጠራ ድምፅ «ጥሪውን ተቀብለዋል፤ ወደ ተሳፋሪው ይሂዱ» አለች። በአካባቢው ያለ ለቀስተኛ ሁሉ ዞሮ አያቸው።

አቶ በርናባስ ስልኩን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ በአፉ ደፉት። መነጽራቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ደግ ዓይን ነበራቸው፤ የደከመ።

«የባለቤቴ መኪና ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ልጆቹ ኮሌጅ ገቡ፤ ኑሮውም… ታውቀዋለህ። እኔ እንኳ…»

«ሹፌር አይደሉም» አለ ዘረሰናይ።

«አይደለሁም። ማለዳ አንዲት አሮጊት አመጣሁ። ላወርዳቸው ስል አለቀሱ፤ ደግፌ አስገባሁ። ልወጣ ስል ንፍሮ ሰጡኝ። ንፍሮ ተቀብሎ እንዴት ይወጣል?»

«አይወጣም» አለ ዘረሰናይ ከልቡ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሳቅ ከሆዱ ተነሥቶ አንገቱ ላይ ደረሰ፤ ለቅሶ ቤት ነውና በመሐረም አፉን አፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያዩት ጎረቤቶች «አይዞህ» ብለው ጀርባውን ዳበሱት። አቶ በርናባስም ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ በጣቶቻቸው መሀል ግን ያ የመንግሥት ጥርስ ታየ።

ከሳቁ ሲመለሱ አቶ በርናባስ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ዘረሰናይ፣ ያ በሐምሌ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር…»

«የትኛው?» አለ ዘረሰናይ። ከልቡ የረሳ ሰው ይመስላል።

አቶ በርናባስ «እግዜር ይስጥህ» አሉ።

ይህን ጊዜ የዕድሩ ዳኛ ከዘራቸውን እየመቱ ደረሱባቸው። አቶ ዱጋሳ ይባላሉ፤ እዚያው ዳገቱ ላይ ጥቂት መሬት የሚያርሱ፣ ሞተ የተባለን ሁሉ ሲያስቀብሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱን ሱፍ ለባሾች አንድ በአንድ አዩአቸው።

«እናንተ ለጋሽ ገብረማርያም ምናቸው ናችሁ?»

የቡድን መሪው ዳይሬክተሩን አየ። ዳይሬክተሩ የቡድን መሪውን አዩ።

«ሹፌሮች ናችሁ?» አሉ አቶ ዱጋሳ።

«አዎ፣ ሹፌሮች ነን» አለ ዘረሰናይ።

«ታዲያ ከዘመድ መሀል ምን ትሠራላችሁ? ሹፌሮቹ እዚያ ናቸው» ብለው በከዘራቸው ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠቆሙ።

ዘረሰናይ ዞረ። አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ መስመር ሙሉ ወንድ ተቀምጧል። ኮት የለበሰ አለ፣ ጃኬት የለበሰ አለ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ እፍኝ ንፍሮ ይዟል።

«ከማለዳ ጀምሮ ሰው ያመጣ ሁሉ እየገባ አልወጣ አለን» አሉ አቶ ዱጋሳ። «ጠጋ በሉላቸው እናንተ ልጆች።» ወንበሩ ጠጋ ጠጋ አለ። ዳይሬክተሩና የቡድን መሪው በአንድ ጫፍ ተጣበው ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለው ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ እንኳ ሥራዬ የሕንፃ ዲዛይን ነው» አላቸው። «ጎበዝ» አሉት አቶ በርናባስ።

ቀብሩ ለስድስት ሰዓት ነበር። ሬሳው ሊወጣ ሲል አቶ ዱጋሳ እንደገና ወደ ጥጉ መጡ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ነው፤ እግር የከዳቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብዙ ናቸው፤ ዕድሩ ደግሞ ድንኳንና ድስት እንጂ መኪና የለውም። ይህን ተናግረው ምንም ሳይጠይቁ ቆሙ። ከወንበሩ መጀመሪያ የተነሡት አቶ በርናባስ ናቸው። «እኔ አራት እይዛለሁ» አሉ። ከዚያ ወንበሩ በሙሉ ተነሣ። ዘረሰናይ መኪናው ጋ ደርሶ ስልኩን ጭራሽ አጠፋው፤ ሥርጉትን ከፊት፣ ሦስት አሮጊቶች ከኋላ አስቀመጠ፤ ያን ወፍራም ፋይልም መቀመጫው ሥር ወረወረው።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከፈረንሳይ እስከ እንጦጦ ግርጌ ታክሲ ጠርታችሁ «በአካባቢዎ መኪና የለም» የተባላችሁ፣ ስልካችሁንም የረገማችሁ ሁሉ፣ ይቅር በሏቸው። ከጠሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ቀጠሮ ረፍዶብኝ፣ ሹፌር የተባለን ሁሉ በሆዴ እየተሳደብኩ በእግሬ ቁልቁል ስወርድ፣ የትንንሽ መኪኖች ሰልፍ ሽማግሌ ጭኖ ቀስ እያለ ሲወጣ ገጠመኝ። ጥጌን ይዤ ቆምኩ። ኮፍያዬን አወለቅሁ። የሞተው ማን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም፤ ግን ሰው እየተቀበረ ጀርባ ሰጥቶ መሄድ አልሆንልህ አለኝ። ዞርኩና ከሰልፉ ኋላ ዳገቱን ተያያዝኩት።

ብዙም ሳልራመድ ሬሳውን አጅባ ቀስ እያለች የምትሄድ አንዲት መኪና አጠገቤ ቆመች። ጥቁር ሱፍ የለበሰው ሹፌር በመስኮቱ ጎንበስ አለ፤ ከኋላ ያሉትን አሮጊቶች «እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉለት» አላቸውና፣ በሩን ከውስጥ ከፈተልኝ።

«ይግቡ ወንድሜ፣ ዳገት ነው» አለኝ።

ገባሁ።